በሩ አልከፈት ያለኝ ፊያት 124 ስፓይደር

ሸራ ጣሪያ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለፈው መስከረም እ.ኤ.አ. የ1979 ፊያት 124 ስፓይደር ገዛሁ፤ ሞተሩ 1995 ሲሲ፣ ጣሪያው ሸራ። ያደግሁት ፒያሳ አጠገብ በነበረ ጋራዥ ለአባቴ መፍቻ እያቀበልሁ ነው። የመኪናውን የጣሊያንኛ የመለዋወጫ መጽሐፍ ስገልጥ ካንዴላው፣ ፍሪሲዮኑ፣ ካምቢዮው ሁሉ የአባቴ ቃል ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ ለሌላ ሰው እጅ መስጠት አልሆነልኝም።

ሞተሩ ይነሳል፤ የታመመው አካሉ ነው። ከግራው በር ሥር ያለውን ብረት በመፍቻ ጫፍ ብነካው ቀለሙና ስቱኮው እንደ ቅርፊት ረገፈ። ትናንት ከፊት በኩል በክሪክ ሳነሳው በሩ አልከፈት አለ፤ ሳወርደው ተከፈተ። ብየዳ ተምሬአለሁ። የበሰበሰውን በሁለቱም ጎን ቆርጬ በአንድ ጊዜ ልገላገለው?

ሰባ አራት፦
እኔም ዴንቨር ውስጥ የ1974ቱ፣ ባለ 1756 ሲሲው አለኝ። ስለ ብረቱ የሚያውቅ ይንገርህ፤ ነገር ግን ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው የካም ሻፍቱ ቺንጋ መቼ እንደተቀየረ ካላወቅህ ሞተሩን ከእንግዲህ አታስነሳው። የእኔ ተበጥሶ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛውን ክፍል) አውርጄ የጎበጡትን ቫልቮች ለመቀየር አንድ ክረምት ሙሉ ፈጅቶብኛል።

ላሜራ ሠሪው፦
ልጄ፣ እባክህ ሁለቱን ጎን በአንድ ጊዜ አትቁረጥ። ስፓይደር ለብቻው የቆመ ሻንሲ የለውም፤ የሚሸከመው አካሉ ራሱ ነው። ሌላ መኪና ከላይ በብረት ጣሪያው ይያዛል። የአንተን መሐሉን ቀጥ አድርጎ የያዘው ወለሉና ያ የበሰበሰው ብረት ነው። በሩ የተያዘውም ለዚህ ነው፤ ከፊት ስታነሳው መሐሉ ሰመጠ። በሰመጠበት ከበየድከው እንደጎበጠ ይቀራል፤ እንዲህ የተበላሹ መኪናዎችን አይቻለሁ፣ ያሳዝናሉ።

የነዳጅ ታንከሩን አውርደህ ከቤት አርቀው፤ ባትሪውንም ፍታ። መኪናው በአራት ጎማው እንደቆመ ሆኖ እንዲያርፍ ከፊትና ከኋላ ደግፈው። የበሩን ክፍተት ከላይና ከታች ለክተህ ጻፍ። ከዚያ በሩን አውልቅና ከማጠፊያው በኩል እስከ መቆለፊያው በኩል ወፍራም ቱቦላሬ አግድመህ በይድ። አንዱን ጎን ሳትጨርስ ሌላውን አትንካ። ብየዳውም በ0.6 ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ ነጥብ እዚህ፣ ነጥብ እዚያ ይሁን፤ ቀጭን ላሜራ ላይ በአንድ መስመር ከሄድክበት ይጣመማል። ኮፈኑን ከፍተህም የፊት ሾክ አብዞርበሮቹ የታሰሩበትን ቦታ በመብራት እይ። እዚያም መበስበስ የዚህ መኪና የታወቀ በሽታ ነው፤ እዚያ ከተበላ ከበሩም ይብሳል።

ሸራ ጣሪያ፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዳሉኝ ደግፌ ለካሁ፤ የግራው በር ኋላ ክፍተት ከላይ 4፣ ከታች 9 ሚሊ ሜትር ነው። የሾክ አብዞርበሮቹ ቦታ ደኅና ነው።

ላሜራ ሠሪው፦
ክፍተቱ ከላይ ከጠበበ፣ እንግዲያው መሐሉ ቀድሞውኑ ሰምጧል። ቱቦላሬውን ገና አትበይድ። በሩ በቦታው እንዳለ፣ ጤነኛ ብረት ባለበት ከመሐል ወለሉ ሥር ወፍራም ሳንቃ አስገባና በክሪክ በጣም ቀስ ብለህ ግፋ፤ በየጥቂቱ እያቆምክ ለካ። ከላይና ከታች እኩል ሲመጣ በሩን አውልቀህ ቱቦላሬውን ያኔ በይድ። ከመቁረጥህ በፊት ፎቶውን አሳየኝ፤ እጠብቃለሁ።