ሐዋሳ ላይ 21 ኪሎ ሜትር ለምትሮጡ የከተማችን ልጆች፦ የምገዛውና የማልገዛው

ሰሞኑን ሦስት ሰው አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቀኝ። «10 ኪሎ ሜትር ሮጬ አውቃለሁ፣ ዘንድሮ ግማሽ ማራቶኑን ልሞክር ነው፣ ምን ልግዛ? የት ልለማመድ?» ለየብቻ ከምመልስ እዚህ ልጻፈውና ይገላግለኝ። አሰልጣኝ አይደለሁም። ከሥራ በፊት የምሮጥ የሐዋሳ ነዋሪ ነኝ። ሦስት ጊዜ ጨርሻለሁ፣ አንዱን ግማሹን በእግር እየሄድኩ።

መጀመሪያ ጫማ። ብር ካላችሁ እዚህ ላይ አውጡት፣ ሌላው ሁሉ ይደርሳል። ከተማ ውስጥ በብዛት የምታገኙት ሁለት ነው፤ በሱቅ መስታወት ውስጥ የተደረደረው አዲስ ኮፒ እና ሰልባጅ። ኮፒው ያምራል፣ ስሙም የትልቅ ኩባንያ ነው፣ ሶሉ ግን ድንጋይ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት በእሱ ሮጬ የሁለቱም አውራ ጣቶቼ ጥፍር ጠቁሮ ወልቋል። ሰልባጅ ይሻላል፣ መምረጥ ግን ይጠይቃል። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡትና ከኋላው እዩት፤ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ ተዉት፣ የቀድሞ ባለቤቱን የእግር አረጋገጥ ነው የምትገዙት። ሶሉን በአውራ ጣት ጫን በሉት። እሺ ካላለ ደርቋል፣ ሳይለበስ ዓመታት የተቀመጠ ጫማም ይደርቃልና «አንዴ ብቻ ነው የተደረገ» በሚለው አትሸወዱ። ደግሞ ወደ ማታ ግዙ፣ እግር ቀን ሲውል ያብጣል፤ ስትሮጡም ያው ነው። ከጣታችሁ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍተት ይኑር። ሶሉ ውስጥ ካርቦን ያለበት የውድድር ጫማ በሰው በኩል ቢመጣላችሁም ለመጀመሪያ ጊዜ አትጓጉ፣ በእሱ ብር ሁለት ደህና ሰልባጅ ይገዛል።

ካልሲ ላይ ግን እንዳትቆጥቡ። መንገድ ላይ በደርዘን የሚሸጠው ጥጥ ላብ ይይዝና ውሃ ያስቋጥራል። ስስ የስፖርት ካልሲ፣ ጣት መሃልና ጭን ላይ ቫዝሊን፣ አለቀ። ለፀሐይ ኮፍያ። የሩጫ ሰዓት አያስፈልጋችሁም፣ ስልካችሁ ላይ ሩጫ የሚመዘግበውን ስትራቫ የሚባል መተግበሪያ ጫኑና ቀበቶ ውስጥ አስገቡት።

የት ልለማመድ ለሚለው፣ ፍቅር ሐይቅ የሚባለውን የሐዋሳ ሐይቅ ዳር የሚያህል የለም። ሜዳ ነው፣ ጥላ አለው፣ ሳትከፍሉ ጉሬዛ ታያላችሁ። ግን ሰዓቱን እወቁ። ከጠዋቱ 12 ተኩል እስከ 1 ተኩል የሯጭ ነው። አመሻሽ ላይ ጥንዶች፣ ፎቶ አንሺዎችና ጀበና ቡና ያዥዎች ይረከቡታል፣ እነሱን እየዘለላችሁ አንድ ዓይነት ፍጥነት መጠበቅ የማይታሰብ ነው። ገና ሳይነጋም ሸምበቆው አካባቢ አትሂዱ፣ ሐይቁ ጉማሬ አለው። ወደ አሳ ገበያው ወደ አሞራ ገደል ስትጠጉ ደግሞ አባ ኮዳዎቹ፣ ትልልቆቹ ወፎች፣ መንገድ አይለቁም፣ እናንተ ዙሩ። ጦጣው ሙዝ ከእጅ ይነጥቃል፣ በራሴ ደርሷል።

የሐይቅ ዳሩ ጉድለት አጭርነቱ ነው። ረጅሙን፣ 15ም 18ም የሆነውን፣ እሁድ ማለዳ መኪና ሳይበዛ አስፋልት ላይ ውጡበት። ውድድሩም አስፋልት ላይ ነው፣ ጉልበት ቀድሞ ይለመድ። ታቦር ተራራን በሳምንት አንዴ ለዳገት ብቻ እጠቀማለሁ፤ ስትወርዱ ቀስ፣ ድንጋዩ ቁርጭምጭሚት ይፈልጋል።

ስለ አየሩ ይሄን እወቁ። ሐዋሳ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የሚመጡት ትንፋሽ አይቸግራቸውም፣ የመጀመሪያውን አምስት ኪሎ ሜትር እየከነፉ ያልፏችኋል። እለፉ በሏቸው። ረፋድ ላይ ሙቀቱ ይመጣል፣ ያንን የለመዳችሁት እናንተ ናችሁ፣ 15ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ቁጭ ብለው ታገኟቸዋላችሁ። «ውሃ ዳር ሜዳ ነው፣ ሰዓት አሻሽላለሁ» የሚል ካለ ደግሞ፣ ለተሰንበት ግደይ እ.ኤ.አ. በ2021 ግማሽ ማራቶኑን በ62:52፣ ዮሚፍ ቀጀልቻ በ2024 በ57:30 የገቡት ስፔን ቫሌንሲያ ላይ ነው፤ ከተማዋ የባሕር ጠለል ላይ ያለች ስለሆነች ትንፋሽ አያጥርም፣ ወሩም ሙቀት የማይበረታበት ጥቅምት ነው። ሐይቅ ዳር መሆን ብቻውን አያስሮጥም።

መጠጥ። በቆርቆሮ የሚሸጠውን ኃይል ሰጪ ተዉት፣ ሆድ ውስጥ እየተንቦጫረቀ ይሄዳል። ማልትም እወዳለሁ፣ ግን ከጨረስኩ በኋላ። ለላብ የሚሆነው ፋርማሲ ያለው ለምለም ነው። ያው ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን የሚሰጠው። አንዱ ፓኬት ለአንድ ሊትር ውሃ ነው፣ አታወፍሩት። ዋጋው ከቆርቆሮው ጋር አይነጻጸርም። ጠዋት ሩጫው ከመጀመሩ ሁለት ሰዓት በፊት በሶ በውሃና በማር በጥብጬ እጠጣለሁ፣ አንድ ሙዝ እጨምራለሁ። ዋዜማውን ቡርሳሜ፣ ያንን በቅቤ የሚለወሰውን የሲዳማ የቆጮ ምግብ፣ ቢጋብዟችሁም «ነገ» በሉ። ቅቤው ከባድ ነው። ጥሬ አሳ ደግሞ ጭራሽ።

ሆቴል ለእኛ ብክነት ነው። ብቻ የውድድሩ ቀን መንገድ ስለሚዘጋ ባጃጅ አገኛለሁ ብላችሁ አትተኙ። ቤታችሁ ሩቅ ከሆነ መሃል ከተማ ያለ ዘመድ ጋ እደሩ፣ ወይም በእግር የሚያደርሳችሁን ሰዓት አስቡ።

ማሳጅ የጠየቃችሁኝ፣ ስቲምና ማሳጅ ደስ ይላል፣ ግን ከውድድሩ ሦስት አራት ቀን በፊት ይሁን፤ በዋዜማው የታሸ እግር ይዝላል። ወጌሻ ጋ ግን አንድ ጊዜ ሄጄ፣ ቀላል ነገር ነው ያልኩትን እግር አሽቶኝ ሁለት ሳምንት አንክሼ ነበር። ያበጠና ሲረገጥ የሚወጋ ከሆነ ሆስፒታል ሄዳችሁ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጠይቁ።

ስትጨርሱ እግሬን ላቀዝቅዝ ብላችሁ ሐይቁ ውስጥ አትግቡ። ብልሃርዝያ አለበት፣ የከተማው ልጅ ሁሉ እያወቀ ነው የሚገባው። በባልዲ ቀዝቃዛ ውሃ ይበቃል። ከዚያ ወደ አሞራ ገደል፣ ትኩስ የአሳ ሾርባ፣ ቀጥሎ የተጠበሰ ቆሮሶ አሳ። ሚጥሚጣውን ብቻ ቀነስ አድርጉት፣ ላብ ያደረቀው ከንፈር ላይ እሳት ነው።