ኤኤስኤልአርን ባጠፋው ራም ይተርፈኛል?

ጥያቄ፦ ከዚራ
ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ከዚራ ትንሽ የኮምፒውተር ማሰልጠኛ አለን። 8 ጊጋባይት ራም ባለው አንድ የሊኑክስ ሰርቨር ላይ 12 ተማሪዎች ይገባሉ፤ ሁሉም የሚከፍቱት ያንኑ ብሮውዘር ነው። ከሰዓት ላይ ስዋፕ ውስጥ (ራም ሲሞላ በምትኩ የሚሠራበት የዲስክ ቦታ) ይገባና ማውሱ እንኳ አልንቀሳቀስ ይላል። አንድ ወዳጄ «ኤኤስኤልአርን (ሰርጎ ገብን ለመከላከል ፕሮግራም የሚጫንበትን የሚሞሪ አድራሻ በዘፈቀደ የሚቀያይረውን) አጥፋው፤ ላይብረሪው (ፕሮግራሞች የሚጋሩት ኮድ) በየፕሮሰሱ (እየሠራ ባለው በእያንዳንዱ ፕሮግራም) የተለያየ አድራሻ ላይ ስለሚጫን ነው አንድ ኮፒ መጋራት ያቃታቸው» አለኝ። እውነት ነው? ራም መግዛት ለጊዜው አይታሰብም።

መልስ፦ ሳቢያን
አቦ፣ እንዳታጠፋው! ኤኤስኤልአር የሚያዘበራርቀው ቨርቹዋል አድራሻን (ፕሮግራሙ የሚያየውን) ነው፤ መጋራቱ ያለው ፊዚካል ራሙ (እውነተኛው ሚሞሪ) ላይ ነው። የሁለት ተማሪዎች ብሮውዘር ሲ ላይብረሪ የሚባለውን መሠረታዊ የጋራ ኮድ በተለያየ አድራሻ ቢያዩትም፣ የሁለቱም የፔጅ ሰንጠረዥ (ሁለቱን አድራሻዎች የሚያያይዘው) የሚያመለክተው ራም ላይ ያለችውን ያችኑ ባለ 4,096 ባይት ፔጅ (የሚሞሪ ቁራጭ) ነው። ኮዱ የትም ቢጫን ሳይነካ እንዲሠራ ተደርጎ ኮምፓይል ይደረጋል። እንደ ቦታው የሚለዋወጡት አድራሻዎች ዳታው ክፍል ውስጥ ለብቻቸው ይቀመጣሉ፤ በየፕሮሰሱ የሚባዛው ያ ትንሽ ክፍል ነው። ሊኑክስ ከ2005 ጀምሮ ኤኤስኤልአር አለው። ተማሪዎች ኢንተርኔት በሚከፍቱበት ሰርቨር ላይ ማጥፋት ለሰርጎ ገብ በር መክፈት ነው።

መልስ፦ መጋላ
ወዳጁ ያለው ከመሬት ተነስቶ አይደለም። ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ላይ የዲኤልኤል (የዊንዶውስ ላይብረሪ) ኮድ ውስጥ ራሱ አድራሻ ይጻፋል፤ ቦታው ሲቀየር ኮዱ ይታረማል፣ በየፕሮሰሱ ለብቻው የታረመ ፔጅ ደግሞ አይጋራም። ለዚህ ነው ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ የዲኤልኤሎች አድራሻ በየፕሮሰሱ ሳይሆን ማሽኑ ሲነሳ የሚወሰነው። መጋራቱ ተረፈ፤ ግን በአንድ ፕሮሰስ አድራሻውን ያየ የሌሎቹንም አወቀ። ያንተ ሊኑክስ ላይ ይህ ጣጣ የለም።

ከዚራ
ተባረኩ። ታዲያ ቶፕ (ፕሮሰሶች የያዙትን ራም የሚያሳየው ትእዛዝ) ላይ የሁሉንም ፕሮሰስ ራም ስደምር ለምን ከ8 ጊጋ በላይ ይመጣል?

ሳቢያን
ያ ዓምድ የጋራውን ፔጅ በየፕሮሰሱ ደግሞ ደጋግሞ ይቆጥራል። ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) ሆነህ ፕሮክ (/proc) ስር በፕሮሰሱ ቁጥር ግባና ስማፕስ ሮልአፕ (smaps_rollup) የሚለውን ፋይል ክፈት፤ ፒኤስኤስ (Pss) የሚለውን መስመር እይ። እዚያ የጋራው ለተጋሪዎቹ ይካፈላል፦ 1,200 ኪሎባይት በ12 ፕሮሰስ ከተያዘ ለእያንዳንዱ የሚጻፈው 100 ነው። ትክክለኛውን ድምር የሚሰጥህ እሱ ነው። እዚያው «ፕራይቬት ደርቲ» (Private_Dirty) የሚለውን አትለፈው፤ ብሮውዘር ከሆነ ክብደቱ እዚያ ነው። እያንዳንዱ ታብ የራሱን ዳታ ይጽፋል፣ የተጻፈበት ፔጅ ደግሞ የግል ነው።

መልስ፦ ጀጎል
ከሐረር ነኝ። ቀጥሎ ኬኤስኤምን አብራ የሚልህ ሰው አይጠፋም። ከ2009 ጀምሮ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ውስጥ አለ፤ ይዘታቸው አንድ የሆነ ፔጆችን ፈልጎ ያዋህዳል። ግን በተለምዶ የሚነካው ፕሮግራሙ ራሱ «ይዋሃድልኝ» ብሎ ያመለከተውን ሚሞሪ ብቻ ነው፤ የሚጠቅመውም ብዙ ቨርቹዋል ማሽን (በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ራሱን እንደቻለ ኮምፒውተር የሚሠራ) ለሚያሠራ ነው። አደጋም አለው፦ የተዋሃደ ፔጅ ላይ መጻፍ መጀመሪያ ኮፒ ስለሚያስፈልገው ይዘገያል፣ ያ መዘግየት ጎረቤት ያንኑ ይዘት እንደያዘ ያሳብቃል። በ2015 ተመራማሪዎች በዚሁ መንገድ የጎረቤት ቨርቹዋል ማሽንን ኤኤስኤልአር ሰብረው አሳይተዋል። የቨርቹዋል ማሽን ሶፍትዌር ሠሪው ቪኤምዌርም በማሽኖች መካከል መጋራቱን ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ በነባሪነት አጥፍቶታል።

ላንተ የሚበጀው ዚራም ነው። ስዋፑን ዲስክ ላይ ከመጻፍ ራም ውስጥ ጨምቆ ያስቀምጠዋል። 4 ጊጋ አድርገህ ጀምር፣ ከዲስኩ ስዋፕ ከፍ ያለ ቅድሚያ ስጠው፣ የማስታወቂያ ማገጃም ብሮውዘሮቹ ላይ ጫን። ከዚያ የፒኤስኤሱን ድምር እዚህ ለጥፍልን፤ አብረን እናየዋለን።