የባሮክ ዘመን የትንፋሽ ኮንቸርቶዎች በዘመኑ መሣሪያዎች፦ የደበዘዙትን ኖታዎች እንዴት ልስማቸው?

ጥያቄ፦ ከኦቦ አድማጭ

ሰላም ለሁላችሁ። የባሮክ ዘመን አቀናባሪው አሌሳንድሮ ማርቼሎ በዲ ማይነር የጻፈውን የኦቦ (በሸምበቆ ምላስ የሚነፋ የእንጨት መሣሪያ) ኮንቸርቶ፣ ማለትም አንድ ብቸኛ መሣሪያ ከቡድን ጋር የሚጫወትበትን ሥራ፣ ከዓመታት ጀምሮ እየደጋገምኩ ስሰማ ኖሬአለሁ። የማውቀው ቅጂ በዘመናዊ ኦቦ የተሠራ ስለሆነ፣ ድምፁ ከታች እስከ ላይ አንድ ወጥ፣ ጥርት ያለና ብሩህ ሆኖ በጆሮዬ ቀርቷል። በቅርቡ ግን ይህንኑ ሥራ በባሮክ ኦቦ፣ ከአንጀት የተሠሩ ክሮች ባሏቸው መሣሪያዎችና በሃርፕሲኮርድ (ፒያኖን የሚመስል፣ ክሮቹ የሚነጠሩ መሣሪያ) አጃቢነት የተጫወቱበትን ቅጂ አገኘሁ፤ የማውቀው ዜማ ቢሆንም እንግዳ ሆነብኝ።

ግራ ያጋቡኝ ነገሮች ሦስት ናቸው። አንደኛው፣ ሙዚቃው በሙሉ ዝቅ ብሎ መሰማቱ ነው። ሁለተኛው፣ ኦቦው አንዳንዱን ኖታ በግልጽ ሲያሰማ ሌላውን ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ የሚያሰማ መምሰሉ ሲሆን፣ ይህም በዘፈቀደ ሳይሆን በተወሰኑ ኖታዎች ላይ ይደጋገማል። ሦስተኛው፣ በመካከለኛው አዝጋሚ ክፍል ተጫዋቹ የሚጨምራቸው ጌጦች እኔ በልቤ ከያዝኳቸው ጋር አለመመሳሰላቸው ነው። ቅጂውን አልጠላሁትም፤ እንዲያውም በተደጋጋሚ ወደ እሱ እየተመለስኩ ነው። ሆኖም የምሰማው የመሣሪያው ጉድለት ይሁን የተጫዋቹ ምርጫ መለየት አቅቶኛል። እንዲህ ያሉ ቅጂዎችን በደስታ የምትሰሙ ሰዎች ጆሯችሁን ከምን ላይ እንደምታሳርፉ ብታስረዱኝ እወዳለሁ።

መልስ፦ ከባሮክ ኦቦ ተጫዋች

ያስተዋሉት ነገር ትክክል ነው፤ ድብዘዛው በተወሰኑ ኖታዎች ላይ እንደሚደጋገም መለየትዎ ደግሞ ወደ መልሱ በጣም አቅርቦዎታል።

የባሮክ ኦቦ በአብዛኛው ቦክስዉድ ከሚባለው ጠንካራ እንጨት የሚሠራ ሲሆን፣ በጣት የሚጫኑ ሁለት ወይም ሦስት ቁልፎች ብቻ አሉት፤ የቀረው ሥራ የተጫዋቹ ጣቶች፣ ከንፈርና ትንፋሽ ነው። ስድስቱ ዋና ቀዳዳዎች ከታች ወደ ላይ በተራ ሲከፈቱ የሚወጡት ድምፆች ክፍትና ጠንካራ ናቸው። በመካከላቸው ያሉትን ብዙዎቹን ኖታዎች ለማግኘት ግን ተጫዋቹ አንዱን ቀዳዳ ክፍት ትቶ ከእሱ በታች ያለውን መልሶ መድፈን ይኖርበታል። ይህ አያያዝ ድምፁን በሚፈለገው ልክ ዝቅ ሲያደርገው ቃናውንም አብሮ ይሸፍነዋል። ዘመናዊው ኦቦ ለእነዚህ ኖታዎች የተለየ ቀዳዳና የብረት ቁልፍ ስለተሰጠው ልዩነቱ ጠፍቶ ሁሉም እኩል ያበራሉ።

አሁን ወደ ማርቼሎ እንመለስ። ዲ ማይነርን ማይነር ከሚያሰኙት ኖታዎች መካከል ዋነኞቹ ኤፍ ናቹራልና ቢ ፍላት ናቸው፤ በባሮክ ኦቦ ላይ ሁለቱም የሚገኙት በዚሁ በተሸፈነ የጣት አያያዝ ነው። በእኔ ግምት እርስዎ ከመጋረጃ ጀርባ የሰሟቸው እነዚህን ነው። የዜማውን ሐዘን የሚሸከሙት ኖታዎች ራሳቸው ጥላ ለብሰው ሲመጡ፣ ዲ እና ኤ የተባሉት ምሰሶዎች ግን በግልጽ ቆመው ይቀራሉ። መሣሪያውን የሚያውቅ አቀናባሪ የሙዚቃውን ቁልፍ (በጣት የሚጫነውን ሳይሆን እንደ ዲ ማይነር ያለውን የድምፅ መሠረት) ሲመርጥ ይህንን ጭምር መምረጡ ነበር። በዚያው ቁልፍ የተጻፈው የአልቢኖኒ ኮንቸርቶ፣ በ1722 እ.ኤ.አ. በታተመው ኦፐስ 9 በተባለው ስብስብ ውስጥ ሁለተኛው፣ በአዳጂዮው (በአዝጋሚው ክፍል) ረጅም ዜማ ላይ ይህንኑ ብርሃንና ጥላ ያሰማዎታል።

ነገሩን አጉልቶ ለመስማት ከፈለጉ ለጥቂት ጊዜ ኦቦውን ትተው ወደ ፍሉት (በአግድም ወደሚነፋው ዋሽንት) ቢሄዱ መልካም ነው። የዘመኑ ፍሉት ከእንጨት የተሠራ፣ በጣት የሚጫን አንድ ቁልፍ ብቻ ያለውና በዲ ሜጀር የሚመቸው መሣሪያ ነው። ቪቫልዲ በ1729 እ.ኤ.አ. ገደማ በአምስተርዳም ካሳተማቸው ስድስት የፍሉት ኮንቸርቶዎች መካከል ሦስተኛው በወፍ ስም የተሰየመ ሲሆን በዲ ሜጀር ስለተጻፈ ፍሉቱ ያለ ምንም እንቅፋት ይዘምራል። ሁለተኛው ደግሞ «ሌሊት» የሚል ስም አለው፤ የተጻፈውም በጂ ማይነር ነው፤ በዚያ ቁልፍ ፍሉቱ በየመንገዱ የሚያገኛቸው ኖታዎች ደካማና ጭጋጋማ ናቸው። «እንቅልፍ» በሚል ርዕስ የተጻፈውን አዝጋሚ ክፍል በእንጨት ፍሉት ሲሰሙት ጨለማው ከመሣሪያው ውስጥ ይወጣል። ቴዎባልድ ቦም በ1847 እ.ኤ.አ. ባሻሻለው ፍሉት ሲጫወቱት ግን ጨለማውን ከራሱ መፍጠር ያለበት ተጫዋቹ ነው፤ ይህን አሳምረው የሚያደርጉ ታላላቅ ተጫዋቾች መኖራቸውን አልክድም። ሁለቱን ኮንቸርቶዎች ከአንድ ቅጂ በተከታታይ ይስሟቸው፤ ከመግዛትዎ በፊት ግን ብቸኛው መሣሪያ ፍሉት እንጂ ሪኮርደር (ከጫፉ በቀጥታ የሚነፋ ዋሽንት) አለመሆኑን ያረጋግጡ፤ ብዙ ቡድኖች እነዚህን ሥራዎች በሪኮርደር መጫወት ይመርጣሉና።

መልስ፦ ከሃርፕሲኮርድ ወዳጅ

ቀዳሚው መልስ ያልነካቸውን ሁለት ጥያቄዎች በአጭሩ ልመልስ።

ሙዚቃው ዝቅ ያለው በቅኝቱ ምክንያት ነው። የዛሬ ኦርኬስትራዎች ኤ የተባለውን ኖታ በ440 ኸርዝ (በሰከንድ 440 ንዝረት) አካባቢ ሲቃኙ፣ የባሮክ ሙዚቃ ቡድኖች አብዛኛውን ጊዜ 415 ይጠቀማሉ፤ ይህም ግማሽ ድምፅ ያህል ዝቅ ይላል። በዚያ ዘመን ግን በመላው አውሮፓ የጸና አንድ ቅኝት አልነበረም። በፈረንሳይ እስከ 392 ድረስ የሚወርድ ቅኝት ነበር፤ በቬኒስ የነበረው ደግሞ ከዛሬው ብዙም የራቀ አልነበረም። 415 የዛሬ ተጫዋቾች አብረው ለመሥራት እንዲያመቻቸው የተስማሙበት መካከለኛ ልክ ነው። ስለዚህ በዘመኑ መሣሪያዎች የተሠራ የቪቫልዲ ቅጂ በ440 ቢያገኙ አይደነቁ።

ጌጦቹን በተመለከተ፣ ታሪኩ ከጠበቁት በላይ ያስደስትዎታል ብዬ አምናለሁ። በ1717 እ.ኤ.አ. ገደማ በአምስተርዳም የታተመው የማርቼሎ ኮንቸርቶ በአዝጋሚው ክፍል የያዘው ዜማ እጅግ ቀላል ነው፤ ጌጡን መጨመር የተጫዋቹ ድርሻ ነበርና። ዮሃን ሰባስቲያን ባህ ይህንን ኮንቸርቶ ለሃርፕሲኮርድ ብቻ አድርጎ ሲያዘጋጀው፣ በሥራዎቹ ዝርዝር 974ኛ ሆኖ የተመዘገበው ማለቴ ነው፣ ጌጦቹን አንድ በአንድ በኖታ ጻፋቸው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ኦቦ ተጫዋቾች የባህን ጌጦች ወስደው ይጫወቷቸዋል። እርስዎ በልብዎ የያዟቸው የማርቼሎ ሳይሆኑ የባህ የመሆናቸው ዕድል ሰፊ ነው፤ አዲሱ ቅጂ ላይ ያለው ተጫዋች ደግሞ የራሱን ፈጥሮ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ የዘመኑን መሣሪያ ብቻ ሳይሆን የዘመኑን ልማድም እየሰሙ ነው።

መልስ፦ ከመለከት አድማጭ

ከላይ የተጻፈውን በአመዛኙ እቀበላለሁ፤ በአንድ ነገር ግን በአክብሮት እለያለሁ። በዘመኑ መሣሪያ የሚሰማ ያልተስተካከለ ድምፅ ሁሉ የአቀናባሪው ሐሳብ ነው ብሎ መደምደም አድማጩን ያሳስተዋል። የሸምበቆ ምላስ ይደክማል፤ ከንፈርም ይዝላል። ኒኮላውስ ሃርኖንኩር በ1953 እ.ኤ.አ. በቪየና ያቋቋመው ኮንሰንቱስ ሙዚኩስ የተባለ የሙዚቃ ቡድን በ1964 እ.ኤ.አ. የባህን የብራንደንቡርግ ኮንቸርቶዎች ሲቀርጽ፣ ሙዚቀኞች እነዚህን መሣሪያዎች ገና እንደ አዲስ እየተማሯቸው ነበር። የዛሬዎቹ በደንብ የተለማመዷቸው በመሆናቸው ልዩነቱ በግልጽ ይሰማል። የቀደሙትን ቅጂዎች ለድፍረታቸው አከብራቸዋለሁ፤ ለጀማሪ አድማጭ ግን አላስቀድማቸውም።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሌላው ነገር «የዘመኑ መሣሪያ» የሚለው ጽሑፍ ራሱ ነው። ሁለተኛውን የብራንደንቡርግ ኮንቸርቶ እንውሰድ፤ በውስጡ መለከት፣ ሪኮርደር፣ ኦቦና ቫዮሊን እንደ አራት እኩያሞች ይነጋገራሉ። የዚያን ጊዜ መለከት ቫልቭ (ኖታ ለመቀየር በጣት የሚጫን መክፈቻና መዝጊያ) አልነበረውም፤ ተጫዋቹ ሁሉንም ኖታ በከንፈሩ ከአንድ ረጅም ቱቦ ነበር የሚያወጣው፤ በተፈጥሮ ከሚወጡት ድምፆች መካከልም 11ኛውና 13ኛው ከሌሎቹ ጋር በትክክል አይገጥሙም። ዛሬ በአብዛኞቹ ቅጂዎች የምንሰማቸው የባሮክ መለከቶች ይህንን ለማረም በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጨመሩ ትናንሽ ቀዳዳዎች አሏቸው። ያለ ቀዳዳ የሚጫወቱ ጥቂቶች ናቸው፤ ፈረንሳዊው ዣን ፍራንሷ ማዶፍ ከእነሱ አንዱ ሲሆን፣ ድምፁ ለስለስ ብሎ ከሪኮርደሩ ጋር ሲቀላቀል መስማት ለእኔ ትልቅ ደስታ ነው። አንድ ሪኮርደር ከመለከት እኩል እንዴት ሊሰማ እንደሚችል የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ከጠያቂው፦ የኦቦ አድማጭ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ማርቼሎን ኤፍ እና ቢ ፍላትን ብቻ እየተከታተልኩ ሰማሁት። እውነትም ድብዘዛው ያለው እዚያው ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዜማው ከብርሃን ወደ ጥላ ሲገባና ሲወጣ እንጂ ሲሰናከል አልሰማሁም። ያልጠበቅሁት ሌላ ነገርም አስተዋልኩ፤ በአዝጋሚው ክፍል መግቢያ ባለ ክሮቹ አንድ በአንድ ሲደራረቡ የእያንዳንዱ ቀስት አጀማመር ለብቻው ይሰማል፤ ኦቦውም ሲገባ ከላያቸው ሳይሆን ከመካከላቸው ይነሣል። ለመለከት አድማጩ ደግሞ፣ ሁለተኛውን የብራንደንቡርግ ኮንቸርቶ ያለ ቀዳዳ ፈልጌ እሰማለሁ። ባሱንን (ዝቅ ያለ ድምፅ ያለውን የኦቦ ዘመድ) ግን ማንም አላነሣም፤ ለእሱ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከባሮክ ኦቦ ተጫዋች

ከቪቫልዲ ይጀምሩ። ለባሱን የጻፋቸው 39 ኮንቸርቶዎች ደርሰውናል፤ ከእነሱ ሁለቱ ያልተሟሉ ናቸው፤ የእጅ ጽሑፎቻቸውም ዛሬ የሚገኙት በቱሪን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነው። ከቀረጿቸው የዘመናችን ተጫዋቾች መካከል ሰርጂዮ አዞሊኒን አስቀድማለሁ፤ መጀመሪያም በኢ ማይነር የተጻፈውንና የቪቫልዲ ሥራዎች በቁጥር በተመዘገቡበት በሪዮም ዝርዝር 484 ቁጥር የያዘውን ይስሙ። ቪቫልዲ ባሱኑን ከታችኛው ድምፅ ወደ ላይኛው በአንድ ትንፋሽ ያዘልለዋል፤ በአሮጌው መሣሪያ የታችኛው ሻካራና ሰፊ፣ የላይኛው ግን እንደ ቴኖር ዘፋኝ ቀጭንና ልመና ያለበት ስለሆነ፣ ሁለት ሰዎች የሚመላለሱ ይመስላል። መጀመሪያ ሲሰሙት የታችኛውን ብቻ ይከተሉ፤ በሁለተኛው ጊዜ የላይኛውን።