የሜካኒካል ሰዓት ሬጉላተር ሲሰበር፦ ማን ይሥራው? የቱ መለዋወጫ ይገዛ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በእጅ የሚሞላ አሮጌ ሰዓት አለኝ። ከወደቀ ወዲህ በቀን ብዙ ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል። አንዱ ባለሙያ ከፍቶ አየውና «ሬጉላተሩ ተሰብሯል፣ ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ይቀየር» አለኝ። ሌላው «በማጣበቂያ እይዘዋለሁ» ይላል። የማንን ልስማ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማጣበቂያውን ጨርሶ እርሳው። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ የሚያወጣው ትነት አካባቢው ላይ ነጭ ሆኖ ይቀመጣል። ጠብታው የሰዓቱን ምት ወደምትቆጣጠረው ቀጭን ሞላ ከሾለከ ደግሞ ዙሮቿን እርስ በርስ ያጣብቃል፤ ያኔ የሬጉላተሩ ነገር ቀላሉ ችግር ይሆናል። ማሽኑ ይቀየር የሚለው ግን እንደ ሰዓቱ ዓይነት ልክም ስህተትም ሊሆን ስለሚችል ወደ እሱ እመለሳለሁ።

በቅድሚያ እውነት መሰበሩን አረጋግጥ። ሬጉላተር ማለት ባላንሱን (ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዘውን ጎማ) በያዘው ድልድይ በሚባል የብረት ክፍል ላይ፣ በመደመርና በመቀነስ ምልክት መካከል የምትንቀሳቀሰው ክንድ ናት። ከሥሯ ያሉት ሁለት ፒኖች የቀጭኗን ሞላ የውጭ ዙር በመሃላቸው ያሳልፋሉ። ክንዷ ወደ መደመር ስትገፋ የሞላዋ የሚሠራው ርዝመት ያጥርና ሰዓቱ ይፈጥናል፣ ወደ መቀነስ ስትገፋ ይዘገያል። (ነገሩ ጆሴፍ ቦስሊ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1755 የባለቤትነት መብት ካወጣበት ዘዴ ብዙም አልራቀም።) ፒን ሲሰበር ሞላዋ እስከ ታሰረችበት ጫፍ ድረስ ነፃ ትሆናለች፣ ሰዓቱም ወደ ኋላ ይቀራል። ያንተ ሰዓት ምልክት ከዚህ ጋር ይገጥማል። ግን ሰዓቱ ሲወድቅ ሞላዋ ከፒኖቹ ሾልካ ወጥታም ቢሆን ውጤቱ ያው ነው፤ ለዚያ ደግሞ መለዋወጫ አያስፈልግም፣ የለመደ እጅ በወረንጦ ይመልሳታል። እየፈጠነ ቢሆን ኖሮ ማግኔት ይዞታል ወይም ዙሮቹ ተጠላልፈዋል ብዬ እጠረጥር ነበር። ስለዚህ «የተሰበረውን በአጉሊ መነጽር አሳየኝ» በል። የማያሳይህ ሰው ጋ ሰዓትህን አትተው።

መለዋወጫን በተመለከተ የኔ ምርጫ ሬጉላተሩን ብቻ መግዛት ነው። ትእዛዙ በሰዓቱ ስም ሳይሆን በማሽኑ ቁጥር መሆን አለበት፤ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ባላንሱ አጠገብ ወይም ሥር በዋናው ሳህን ላይ ተቀርጿል። ሻጮች የማይነግሩህ አንድ ነገር አለ፦ ያው ማሽን በተለያየ የንዝረት መከላከያ ሊሠራ ይችላል። ሬጉላተሩ የሚገጥመው በዚያ መከላከያ ዙሪያ ስለሆነ ኢንካብሎክ ለሚባለው መከላከያ የተሠራው ኪፍ ለሚባለው አይሆንም። ከማዘዝህ በፊት የድልድዩን ፎቶ ላክላቸው። ክንዱ ለብቻው ካልተገኘ ድልድዩን ከነሬጉላተሩ ፈልግ። እሱም ከጠፋ ለመለዋወጫ የሚፈታ ተመሳሳይ ማሽን ግዛና ሬጉላተሩን ብቻ አውጣበት። ሞላዋን ነጥለህ ግን አታምጣ፤ ሞላ ከራሷ ባላንስ ጋር ተመጥና የተገጠመች ናት።

ማሽኑን ሙሉ መቀየር የሚያዋጣው እንደ ሴይኮ ኤንኤች35፣ ኢቲኤ 2824-2 ወይም ሴሊታ ኤስደብልዩ200 ባሉ እንደ ልብ በሚገኙ ማሽኖች ላይ ነው። እዚያ የእጅ ዋጋው አንዳንዴ ከማሽኑ ይበልጣል። ባንተ አሮጌ ሰዓት ላይ ግን ሌላው ክፍል ሁሉ ጤነኛ ሆኖ በአንዲት ፒን ምክንያት ማሽን መጣል ብክነት ነው።

ማን ይሥራው ካልክ፣ ባትሪና ማሰሪያ የሚቀይር ሱቅ ለዚህ አይሆንም። የአምራቹ አገልግሎት ማእከል ሥራው ንጹሕ ነው፣ ዋስትናም ይሰጣል፤ ግን ከመጠገን መቀየር ይቀናዋል፣ በአሮጌ ሰዓት ላይ ደግሞ ሳይጠየቅ ቁጥሮቹ ያሉበትን ገጽ ወይም ጠቋሚዎቹን አድሶ ሊመልስልህ ይችላል። እዚያ የምትሰጥ ከሆነ «ከማሽኑ ውጪ ምንም እንዳይነካ» ብለህ በጽሑፍ አስፍር። እኔ የምጠቁመው በሜካኒካል ላይ የዋለ፣ ራሱን ችሎ የሚሠራ ሰዓት ሠሪ ነው። የተሰበረችውን ፒን ቀሪ አውጥቶ በቀጭን የነሐስ ሽቦ አዲስ ፒን መትከል የሚችለው እሱ ነው፤ መለዋወጫ ለጠፋለት ሰዓት ደግሞ ሌላ መንገድ የለም። ጥሩ ተከላ ሲሆን ሞላዋ በሁለቱ ፒኖች መሃል ትተነፍሳለች፤ አትቆነጠጥም፣ አትላቀቅምም። ክፍተቱ ከሰፋ ሰዓቱ ሙሉ ሲሞላና ሊያልቅ ሲል የሚያሳየው ፍጥነት ይለያያል። ስለዚህ ስትረከብ ወዲያው የተለካውን ብቻ አትቀበል፤ ተጋድሞም በጎኑ ቀና ብሎም፣ ከ24 ሰዓት በኋላም በታይምግራፈር (የሰዓቱን ምት ሰምቶ ፍጥነቱን በሚለካ መሣሪያ) አስለካ።

ጥያቄ፦ የኔ ኤንኤች35 ነው። ፍጥነቱን ላስተካክል ብዬ ስነካካ ጭራሽ ተበላሸ። ሬጉላተሩን ራሴ ብቀይረውስ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ አለመሰበሩን እይ። እዚያ ማሽን ላይ ተቀራርበው የሚቆሙ ሁለት ክንዶች አሉ፤ አንዱ ፍጥነት ይቀይራል፣ ሌላው የቲክ ታኩን ሚዛን (የሁለቱን ምቶች እኩልነት)። ብዙ ሰው የሚያሳስተው እሱ ነው። በዚያ ላይ ሞላዋን የያዘችው ቁራጭ በራሷ ትዞራለች፤ በካቻቢቴ ሳይታሰብ ከዞረች ሞላዋን ቆንጥጣ ትይዛለች። ታይምግራፈር ካለሽ ሊፍት አንግል የሚለውን (መሣሪያው እንደ ማሽኑ ዓይነት የሚጠይቀውን ቁጥር) 53 ዲግሪ አስገቢና ሁለቱን ክንዶች በየተራ፣ በጣም በጥቂቱ እያንቀሳቀስሽ ተመልከቺ። ሴይኮ ለዚህ ማሽን በቀን ከ20 ሰከንድ መዘግየት እስከ 40 ሰከንድ መፍጠን ይፈቅዳል፤ ዜሮ ካልሆነ ብለሽ አትድከሚ።

በእውነት ከተሰበረ ግን ሙሉ ማሽን ግዢ። የድሮውን አትጣይው፤ ድልድይ ማንሳትና ሞላ መፍታት የሚለመደው እንደዚያ ባለ ማሽን ነው።