የካፌው ትርፍራፊ እንጀራ ይጋግራል?

ከዚራ፦ እዚህ ድሬዳዋ ስብሰባ ላይ አንድ ኃላፊ «የተማሪ ካፌው ትርፍራፊ በጉድጓድ ተብላልቶ ባዮጋዝ (የሚነድ ጋዝ) ሆኖ እንጀራውን ይጋግራል» ብሎ ተጨበጨበለት። አቦ፣ ሒሳብ የሚያውቅ የለም? 100 ኪሎ ትርፍራፊ 10 ሜትር ኩብ ገደማ ጋዝ ነው። አንዱ ሜትር ኩብ 3.5 ኪሎ ማገዶ ቢተካ 35 ኪሎ። ለሺዎች በሚጋገርበት ቤት በዚህ ምጣዱ እንኳ በቅጡ አይግልም።

ለገሐሬ፦ የወጡ ድስት ግን ይፈላል። ጋዙን የሚሠራው ባክቴሪያ የሚወደው 35 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ደጋ ላይ በብርድ ጋዙ ይቀንሳል፣ ድሬ ሙቀቱ በነጻ ነው። የጠላኸው ባዮጋዙን ነው ሰውየውን?

ከዚራ፦ «እንጀራውን ይጋግራል» አለ እንጂ «ሽሮ ያንተከትካል» አላለም! ሰፊ ምጣድ ዳር እስከ ዳር እኩል እሳት ይፈልጋል። የወጥ ምድጃ መሀሉን አሳርሮ ዳሩን ሊጥ ይተወዋል።

ሳቢያን፦ እንጀራ ኮምጣጣ መሆኑንስ? ጉድጓዱን እሱን ብቻ ብታጎርሱት ፒኤቹ (የኮምጣጣነት ልኩ፤ ሲወርድ ኮመጠጠ ማለት ነው) ከ6.5 በታች ይወርድና ሚቴን፣ ማለትም የሚነደውን ጋዝ፣ ሠሪዎቹ ባክቴሪያዎች ይቆማሉ። ጋዝ ይወጣል፣ አይነድም፤ አብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። መጀመሪያ እበትና ውሃ እኩል ለእኩል ይሞላል፤ ጋዙ ነበልባል ሲይዝ ትርፍራፊው ተፈጭቶ በጥቂት በጥቂቱ። አጥንት ይለቀም። የወጥ ዘይት ከበዛ ላዩ ላይ ቅርፊት ይሠራል። ከኮመጠጠ ምግቡን አቁሞ እበት መጨመር፣ ኖራ በልክ።

ለገሐሬ፦ «በልክ» ስንት ነው?

ሳቢያን፦ በፒኤች ወረቀት እየለካህ 7 እስኪጠጋ። በአካፋ አይደለም።

መጋላ፦ ጉድጓድ ከመቆፈራችሁ በፊት ለምን እንደሚተርፍ ጠይቁ። ትኩስ እንጀራ በትኩስ ላይ ሲደረደር ያልበዋል፣ የታችኛው ይጣበቃል። ተገልጦ የቆየው በድሬ ንፋስ ጠርዙ ይደርቃል። አብርዶ መደርደር፣ ጧትና ከሰዓት ከፍሎ መጋገር፣ አንድ ሰጥቶ ለፈለገ መድገም። ሳይቀርብ የተረፈው በዕለቱ ድርቆሽ ይሁን፤ ፀሐይ አላጣን።

ለገሐሬ፦ ሰልፉ በር ደርሶ ማን ለመድገም ይመለሳል? በአካባቢ ጥበቃ ስም ተማሪ ልታስርቡ!

መጋላ፦ ለመድገሚያ ሌላ መስኮት ይከፈታላ!

ገንደ ቆሬ፦ ላም አርቢዎች ይውሰዱት፣ ምን አስጨነቃችሁ?

ሳቢያን፦ የሻገተውንም? አፍላቶክሲኑ፣ የሻጋታው መርዝ፣ በወተት ይመለስልሃል። ማፍላት አያጠፋውም።

ጀጎል፦ ሐረር ቢሆን ጅቡ ይጨርስላችሁ ነበር።

ለገሐሬ፦ ጅብ የጾም ፍርፍር ሲበላ የት አየህ?

ከዚራ፦ ወሬ አታስቀይሩ፣ «ይጋግራል» ተብሏል። ሚርት የሚባለው ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ማገዶውን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ለሱ ግን ማንም አያጨበጭብም።

ገንደ ቆሬ፦ ማገዶው ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃማ ዛፍ ይሁን። ወራሪ ነው፣ እያነደድን እንጨርሰዋለን።

ሳቢያን፦ ከላይ ብትቆርጠው ከጉቶው በእጥፍ ያቆጠቁጣል፤ ከአፈር በታች ካልተነቀለ አይሞትም። ማን ሊቆፍር ነው፣ ካፌው?

ገንደ ቆሬ፦ ያጨበጨቡት ይቆፍሩ።