ለዴስክቶፔ ዲቪዲ ድራይቭ ልግጠምለት ወይስ ይቅርብኝ?

ሰላም ወገኖች፣ አንድ ነገር ላማክራችሁ። ቤት ያለው ዴስክቶፕ ከተገዛ ጀምሮ ዲቪዲ ድራይቭ የለውም። እውነቱን ለመናገር አጥቼውም አላውቅም። አሁን ግን የቤተሰብ ፎቶና የሠርግ ቪዲዮ ያለባቸው አንድ ካርቶን ሙሉ ዲስኮች እጄ ገቡ። አንዳንዶቹ ጠርዛቸው ላይ ቀለማቸው መልቀቅ ጀምሯል። ቶሎ ወደ ሃርድ ዲስክ ካልገለበጥኳቸው አለቀላቸው።

ኬዙን ከፍቼ አየሁት። ከፊት ባለ 5.25 ኢንች ክፍት ቦታ አለ፤ ማዘርቦርዱ ላይም አንድ የሳታ ሶኬት (የድራይቩ የመረጃ ገመድ የሚሰካበት) ተርፏል። ችግሩ የፓወር ገመዱ ነው። ትርፉ ጫፍ ከታች ሃርድ ዲስኩ ጋ ስለሆነ ላይ ድረስ አይደርስም። ማራዘሚያ ልግዛለት?

በዩኤስቢ የሚሰካውም አለ፤ ለላፕቶፕም ይሆነኛል። ግን አንዳንዱ ከዩኤስቢው በቂ ኃይል ካላገኘ መሃል ላይ ቀጥ ይላል። አንድ ተራ ዲቪዲ (ባለ አንድ ንብርብሩ) እስከ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል፤ ግማሽ ላይ ሲቋረጥ አስቡት።

ግልበጣው ካለቀ በኋላ ድራይቩን ደግሜ የምነካው አይመስለኝም። ለዚህ ብሎ ኬዝ መፍታት ያዋጣል? ደግሞ የተጫጫሩ ዲስኮችን በማንበብ የቱ ይሻላል፣ የውስጡ ወይስ የውጪው? ሁለቱንም የሞከራችሁ እስቲ ንገሩኝ።