ዕቃ ይዞ ዋጋ መጠበቅ፦ ንግድ ወይስ ኃጢአት?

የክርክሩ ጥያቄ፦ አንድ የድሬዳዋ ክርስቲያን ነጋዴ ዘይት፣ ስኳር ወይም ማሽላ መጋዘን አስገብቶ ዋጋ እስኪወጣ ቢጠብቅ ነፍሱን ይጎዳል ወይስ ሥራውን ነው የሠራው? (ተከራካሪዎቹ የሚጠሩት በመጡበት ቦታ ነው፤ ታይዋን የድሬዳዋ ገበያ ነው፣ ከዚራ፣ ሳቢያንና ገንደ ቆሬ ሰፈሮቿ ናቸው፣ የሐረር ጌይ ደግሞ የሐረር ሰው ነው።)

የታይዋን ነጋዴ፦ አቦ፣ ስሌቱን ሳታዩ አትኮንኑ። 100 ጀሪካን ዘይት በ4,000 ብር ተገዛ እንበል፤ 400,000 ወጣ። የመተኪያው ዋጋ 4,600 ገባ። በ4,200 ብሸጠው "አተረፈ" ትላላችሁ፤ 420,000ውን ይዤ አከፋፋይ ጋ ስሄድ ግን የሚደርሰኝ 91 ጀሪካን ነው። ዘጠኙን በላሁት ማለት ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ዕቃ መያዝ ካፒታል ማዳን ነው። ገብረ ጉንዳንም በበጋ ትሰበስባለች፤ ምሳሌ 6።

የከዚራው፦ ስሌትህ ልክ ነው ወንድሜ። የሚያስረዳው ግን ዋጋ መጨመርን እንጂ መቆለፍን አይደለም። በ4,600 ሽጠው፣ ማን ያዘህ? ምሳሌ 11፥26 እርግማኑን የሚያወርደው እህል በሚያስቀረው ላይ ነው፤ ለሚሸጠው በረከት አለው። ነገሩ የሚለየው ሱቁ በር ላይ ነው፤ ከኋላ እስከ ጣሪያ ተደርድሮ ከፊት "የለም" ሲባል። ባለቤቱ ይዋሻል፣ ቀጥሎ ተላላኪው ልጅ እንዲዋሽ ይታዘዛል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006ም የሚከለክለው ይህንኑ ነው።

የሳቢያኗ፦ ከውሸቱ የባሰ አለ። ማሽላ ያከማቸ ሰው የሚያተርፈው ክረምቱ ሲበላሽ ነው። ቅዳሴ ላይ ስለ ዝናምና ስለ አዝመራ ሲጸለይ አፉ "አቤቱ ማረን" ይላል፣ ልቡ ደመናው እንዲበተን ይመኛል። በጎረቤቱ ረሃብ የሚጠቀም ሰው ለጎረቤቱ መጸለይ አይችልም። እኔ ዋናው መንፈሳዊ አደጋ የምለው ይህን ነው፤ ገንዘቡ መብዛቱ አይደለም።

የገንደ ቆሬው፦ እንዲያ ከሆነ ዮሴፍስ? ሰባት ዓመት ሙሉ አምስተኛውን እጅ እየሰበሰበ አላከማቸም?

የሳቢያኗ፦ በጥጋብ ዘመን ሰበሰበ፣ በረሃብ ዘመን ከፈተ። የኛዎቹ እጥረት ሲጀምር ነው የሚዘጉት።

የገንደ ቆሬው፦ ዘፍጥረት 47ንም አንብቢው እንጂ እህቴ። በነጻ አልከፈተም። መጀመሪያ ብራቸውን፣ ቀጥሎ ከብታቸውን፣ በመጨረሻ መሬታቸውን ለፈርዖን ገዛ። እኛ ወንጌላውያን ጋም ይህን ምዕራፍ ዘለው የሚሰብኩ ሞልተዋል። 1ኛ ጢሞቴዎስ 6፥17-18 ባለጠጋውን "ጣለው" አይለውም፤ አትታበይ፣ በሚያልፍ ሀብት ተስፋ አታድርግ፣ አካፍል ነው የሚለው።

የከዚራው፦ ዮሴፍ ላይ እጅ ሰጥተናል፣ ጥሩ ያዝከን። ግን ሉቃስ 12 ላይ ያለውን ሰው ተመልከት። እርሻው በደህና አፈራለት፤ አልሰረቀም፣ አራጣ አላበደረም። ጥፋቱ ያለው ንግግሩ ውስጥ ነው፦ ጎተራዬን፣ ፍሬዬን፣ በረከቴን፣ ነፍሴን። ሌላ ሰው የሚባል አንድም አልተነሳም። ባስልዮስ ዘቂሳርያ በ4ኛው መቶ ዘመን ይህን ክፍል ሲሰብክ በሣጥን የተቀመጠው ልብስ የራቁቱ ሰው ነው ብሏል፤ አገሩ ቀጰዶቅያም በረሃብ የተመታ ነበር።

የሐረር ጌይ፦ እናንተ ስለ ጎተራ ታወራላችሁ፣ እኔ ስለ ጉድጓድ ልጨምር። በሐረርጌ ማሽላ የሚቀበርበት ጉድጓድ አፉ ተደፍኖ ሲከርም እህሉ እየተነፈሰ ውስጥ ያለውን አየር ይጨርሰዋል። ነቀዙ የሚሞተው በዚሁ ነው፤ ሳይናፈስ ዘሎ የገባ ሰውም እንዲሁ። ግድግዳውን የነካው እህል እርጥበት ይስብና ይሻግታል፣ ይሸታል፤ የሚተርፈው መሐሉ ነው። ይህ ለቤት ቀለብ የተሠራ ዘዴ ነው፣ ገበሬውን የሚኮንን የለም። መጋዘን ውስጥ በጆንያ አቆይቶ ነቀዝ ሲመጣበት የፎስቶክሲን ክኒን የሚበትነው ግን ሌላ ነው። ያ መርዝ ጋዝ ነው፤ ሰው ከሚተኛበት ክፍል ጎን ሲደረግ ቤተሰብ ይጨርሳል። ዋጋ ለመጠበቅ ሲባል የሚገባበትን አደጋ እዩ።

የታይዋን ነጋዴ፦ እሺ፣ ያተረፈው ሰው ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ወጥቶ ስለቱን ቢያስገባስ? አሥራቱንም ከከፈለ?

የሳቢያኗ፦ መጽሐፈ ሲራክ ከድሃ ገንዘብ የሚቀርብ መሥዋዕት ልጅን በአባቱ ፊት እንደ ማረድ ነው ይላል። ዘኬዎስም ስለት አላስገባም፤ ግማሹን ለድሆች፣ የበደለውን አራት እጥፍ ለራሱ ለተበደለው ነው ያለው። ገብርኤል ጃንጥላ ተቀብሎ ደረሰኝ አይቆርጥም።

የታይዋን ነጋዴ፦ ይሁን። መጋዘኑ አሁን ሙሉ የሆነ ሰው ምን ያድርግ? በጅምላ ቢለቀው ቸርቻሪው ሰብስቦ ራሱ ይቆልፍበታል።

የከዚራው፦ ታዲያ በጅምላ አይልቀው። የመተኪያ ዋጋውን በር ላይ ይለጥፍ፤ ለአንድ ገዢ 5 ሊትር፣ ስኳር ከሆነ 3 ኪሎ። ለማዞሪያ የሚያስፈልገውን ይያዝ፤ ቀጣዩ ጭነት በሦስት ሳምንት የሚደርስ ከሆነ የሦስት ሳምንት ሽያጭ ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ያለው ይውጣ። የሰፈሩ ዕድር ካለ ለአቅመ ደካሞች በገዛበት ዋጋ ጥቂት ጀሪካን ይመድብለት።

የታይዋን ነጋዴ፦ ጭነቱ ጅቡቲ ላይ ሁለት ወር ቢቆምስ?

የከዚራው፦ የሁለት ወር ይያዝ፣ "የለም" ግን አይበል።